የጋቢውን ሒሳብ ለቀሚሱ

እኛ ሦስት ነን፤ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች። አራተኛዋ፣ የሁላችንም ታላቅ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ይህ ጽሑፍ የእሷን የመልስ ቀሚስ የሚመለከት ነው። ስለ ሰርጉ ወሬ የጓጓ አንባቢ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ! ስለ ድግሱም ሆነ ስለ ሙሽራው የምንለው ብዙ የለም (ሙሽራው ጨዋ ልጅ ነው፤ በቃ)። የምናወራው ስለ ክርና ስለ ጊዜ ነው። በተለይ ደግሞ ሒሳብ እንችላለን ብለን ስለተሳሳትነው ሒሳብ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋቢ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለአባዬ ጋቢ ለማሠራት ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ሽሮ ሜዳን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ ብለን አናምንም፤ ቢሆንም ለወጉ ያህል፦ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፎ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ በነጭ ቀሚስ፣ በነጠላና በጋቢ የተሞላበት ሰፈር ነው። ሱቆቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከሱቆቹ ጀርባ ያሉትን ቤቶች ግን ብዙዎቻችን አናውቃቸውም። እማዬ ታውቃለች። የድሮ ደንበኛዋ የሆኑ ሸማ ሠሪ አሏት፤ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ከጨንቻ ደጋ፣ ከዶርዜ በወጣትነታቸው የመጡ ናቸው። እኛ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እዚህም ጋሼ እንላቸዋለን።

ጋሼ ከእማዬ የተላከላቸውን ማግ ተቀበሉን። «በሳምንቱ ኑ» አሉን። በስድስተኛው ቀን ስልክ ደወሉ፤ ጋቢው አልቋል! አራት ድርብ፣ አባዬን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጠቅልሎ የሚተርፍ፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለችበት ጋቢ። በስድስት ቀን። ተደነቅን። ከፈልን። ያንን «ስድስት ቀን» የሚለውን ቁጥር ግን ጭንቅላታችን ውስጥ አስቀመጥነው። ጉዳችን ከዚያ መጣ።

ድል

በዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ እህታችን በቴሌግራም ፎቶ ላከች። የምትፈልገው ቀሚስ ነው። ሰርጉ ጥር ላይ ነው፤ ቀሚሱን ይዘው የሚሄዱ የሰፈራችን እናት ደግሞ ታኅሣሥ 23 ይበራሉ። ጊዜ ሞልቶ ተርፎ! ስለዚህ ምን አደረግን? ጥቅምትን በሙሉ ስንከራከር ከረምን። ቀለሙ ይሄ ይሁን፣ የለም ያ ይሁን፤ ወርቃማ ክር ይግባበት፣ አይ የድሮ ሰው ያስመስላታል… እንዲህ እያልን ኅዳር ሚካኤል አለፈ። ኅዳር 13 ቀን ጋሼ ቤት ደረስን።

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን እያጎሉ ለረጅም ጊዜ አዩት። በጥፍራቸው ጫፍ አንድ ነገር ሲቆጥሩ ነበር። የቀሚሱ ጥበብ እንዲህ ነው፦ አልማዝ የመሰለ ቅርጽ፣ በውስጡ ሌላ ትንሽ አልማዝ፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ መስቀል። አራት ቀለም አለው፤ አንዱ ወርቃማ ነው። ከታች ጠርዙ ላይ ከስንዝር ይሰፋል፣ ከፊት እስከ ደረት ይወጣል፣ እጅጌው ላይ አለ፣ የነጠላው ሁለት ጫፍም ላይ አለ።

«ስድስት ሳምንት» አሉ።

ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን! ምክንያቱም ሒሳብ እንችላለና። ያ ሁሉ ጋቢ፣ ያ አራት ድርብ፣ በስድስት ቀን ካለቀ፣ ቀሚስና ነጠላ ከዚያ ያነሰ ጨርቅ ነው። ሦስት ቀን እንበል። ጥበቡ ትንሽ ስለሚያስቸግር እጥፍ እናድርገው፤ ስድስት ቀን። ለጨዋነት ሁለት ሳምንት እንበል። ከዚያ በላይ ያለው የክርክር መነሻ ነው ብለን አሰብን። ደግሞስ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ሳይከራከር የሚወርድ ፋራ ማን አለ?

«ጋቢ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው፣ ልጆቼ» አሉ ጋሼ።

አልሰማናቸውም። ታኅሣሥ 23 አለብን አልን፤ ሰፊውም አንድ ሳምንት ይፈልጋል አልን። እውነት ነበር። ጥቅምትን ያባከንነው እኛ መሆናችንን ግን አልነገርናቸውም። በመጨረሻ አራት ሳምንት ላይ ተስማማን። ዋጋውንም ከጠሩት ሩቡን አስቀነስን። ቀብድ ሰጥተን ወጣን፤ ድላችንን ስድስት ኪሎ ቁጭ ብለን በማኪያቶ አከበርን።

ሁለት ጣት

በሁለተኛው ሳምንት ኅዳር 27 ቀን ሄደን ስናይ የተሠራው የነጠላው አንድ ጫፍና ከቀሚሱ የታችኛው ጥበብ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ታናሿ ተቆጣች። ወንድማችን «ጋሼ፣ እንዲህ አልተባባልንም» አለ። ጋሼ አልመለሱም። በርጩማ ሳቡልንና «ቁጭ በሉ» አሉን። ተቀመጥን። እሳቸው ወደ ሥራቸው ገቡ። ወንድማችን (ይህን ስንጽፍ እያፈረ ነው) ስልኩን አውጥቶ ሰዓት መያዝ ጀመረ።

መሸመኛውን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፦ ጋሼ የሚቀመጡት ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። እግራቸው ከጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን መርገጫዎች ይረግጣል። አንዱን ሲረግጡ ከድሩ ግማሹ ክር ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል። በተከፈተው መሃል መወርወሪያዋ ማጉን እየጎተተች ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ ትበራለች። ሳብ አድርገው ያጠብቁታል። ሌላውን ይረግጣሉ፤ መወርወሪያዋ ትመለሳለች። ጠቅ፣ ሳብ፣ ጠቅ፣ ሳብ። ልክ እንደ መተንፈስ ነው። እያወሩን፣ እየሳቁ፣ በአሥር ደቂቃ አንድ ስንዝር ልሙጥ ሸማ ሠሩ።

«ይሄ ጋቢ ነው» አሉ። (ጋቢው እንዲያውም ማጉ ወፍራም ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል።)

ቀጥለው ሌላ መወርወሪያ አነሱ፤ አረንጓዴ ክር ያለበት። ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ቢጫ ያዙ፣ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ወደ አረንጓዴው ተመለሱ። ቀጥ ቀጥ ያለች ጥለት ወጣች። ሥራው ያው ነው፤ እግር ይረግጣል፣ መወርወሪያ ይበራል። የሚጨምረው ክር ለመቀያየር የሚቆሙት ነው። ለአንድ ስንዝር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

«ይሄ ደግሞ የአባታችሁ ጋቢ ጠርዝ ነው።»

ከዚያ ወደ እኛዋ ቀሚስ ዞሩ። ድምፁ ጠፋ። ጠቅ የለ፣ ሳብ የለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከድሩ ላይ ክሮችን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ይህን ያህል ክር ያነሳሉ፤ ከሥሩ ትንሽ ቀይ ክር ያሳልፋሉ። ይህን ያህል ይዘልላሉ፤ ሰማያዊ ያሳልፋሉ። አሁንም ይቆጥራሉ፤ ወርቃማውን ያሳልፋሉ። ከንፈራቸው በጋሞኛ ይንቀሳቀሳል። ወንድማችን «ጋሼ፣ ይሄን ሥዕል የት አስቀምጠውት ነው የሚያዩት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ እጃቸውን አቆሙ። ቁጥሩ ጠፋባቸው። እንደገና ከዳር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተነፈሰም።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ሁለት ጣት ወጣ።

ሲባዛ እንጂ ሲደመር አይደለም

እዚያው ቁጭ ብለን ጋሼ ሻይ ሲጠጡ ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም አስረዱን። እኛ ያጠፋነው ጥፋት ምን መሰላችሁ? ጥበብ ልሙጡ ሸማ ላይ «የሚጨመር» ነገር መሰለን። አንድ ቀለም ሲጨመር ትንሽ ጊዜ ይጨምራል፣ አንድ ቅርጽ ሲጨመር ትንሽ ጊዜ ይጨምራል፤ እንዲህ እየተደመረ የሚሄድ። እውነቱ ግን ይባዛል።

የእኛን ጥበብ እንውሰድ። ከዳር እስከ ዳር 12 አልማዝ ይቀመጣል። አራት ቀለም ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ብቻ፣ 12ቱን በአራት ስናባዛ፣ ቢያንስ 48 ጊዜ እጅ ክር ቆጥሮ ክር ያሳልፋል። ያ መስመር ሲያልቅ ደግሞ ጨርቁ እንዳይላላ ልሙጡ ማግ ይወረወርበታል። ቀጥ ያለችው ጥለት ላይ ግን ለአንድ መስመር አንድ ውርወራ ይበቃል። 48 ለአንድ! ጋቢውን ይዘን ቀሚሱን ስንለካ ይህቺን ነው የዘለልናት።

ቀጥሎ የቅርጹ ነገር አለ። አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን መስመር የቆጠሩትን ቁጥር እስከ ላይ ይደግሙታል። አልማዝ ግን ጎኑ ሰያፍ ነው። እያንዳንዱ መስመር ከሥሩ ካለው መስመር በክር ይለያል፤ እየሰፋ ይሄድና መሃል ላይ ሲደርስ ደግሞ መጥበብ ይጀምራል። ስለዚህ ቁጥሩ በየመስመሩ አዲስ ነው። መስቀሉ ሲገባበት ደግሞ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ቁጥር በአንድ ጊዜ በጭንቅላት መያዝ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ነው። ልሙጥ ሸማ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ ይቋጠራል፣ ይታለፋል። ጥበብ ላይ ግን ከታች በአንድ ክር የሳቱት ነገር ከላይ፣ የአልማዙ ጫፍ አልገጥም ሲል ነው የሚታየው። ያኔ እስከ ስህተቱ ድረስ መፍታት ነው። መፍታት ደግሞ ከመሥራት ይብሳል፤ የተጠበቀውን ክር አንድ በአንድ፣ ድሩን ሳይበጥሱ ማውጣት አለ። ጥበቡ በተወሳሰበ ቁጥር የሚሳሳቱበት ቦታ ይበዛል፤ የሚፈታውም ይበዛል። ወርቃማው ክር ደግሞ ይንሸራተታል፣ ይበጠሳል። «እሱ ክር አይደለም፣ ሰይጣን ነው» አሉን ጋሼ።

ታዲያ እኛ ይህ ለምን ጠፋን? ደደብ ስለሆንን ብቻ አይመስለንም። ዓይናችን የለመደው ሌላ ነገር ነው። አሁን ጥበቡ በማሽን የታተመበት ጨርቅ በየሱቁ ሞልቷል። ለማተሚያ ማሽን አንድ ቀጭን መስመርም፣ አራት ቀለም ያለው መስቀል በአልማዝም አንድ ነው፤ በእኩል ፍጥነት ያትመዋል። ስልካችን ላይ ያለው ፎቶም እንደዚያው ነው፤ ቀላሉም ከባዱም በአንድ ንክኪ ይመጣል። ውስብስብነት ጊዜ የማያስከፍልበት ዓለም ውስጥ ስላደግን፣ ሰው እጅ ላይ ሲደርስ ስንት እንደሚያስከፍል ማንም አላስተማረንም።

የሜሪላንድ አሮጊቶች

ማታውን ለእህታችን ደወልን። ልትናደድ ነው ብለን ተጨንቀን ነበር። ሳቀች። የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ እዚያ ያሉ አሮጊቶች ኩዊልት ይሰፋሉ። ኩዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቆችን ገጣጥመው ከላይ፣ እንደ ጥጥ ያለ ሙሌት ከመሃል፣ ሌላ ጨርቅ ደግሞ ከሥር አድርገው፣ ሦስቱን አንድ ላይ የሚሰፉት የአልጋ ልብስ ነው። ከእኛ ጋቢ ጋር ድርብርብ በመሆኑ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

አንዷ አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ልጅ ትልልቅ አራት ማዕዘን ብቻ እየገጣጠሙ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ጨረሱ። ሌላዋ እርስ በርስ የተያያዙ ቀለበቶች የሚመስለውን፣ የጋብቻ ቀለበት የሚባለውን አሠራር ይዘው ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለቱም የአልጋ ልብስ ነው። እንዲያውም የሕፃኑ ቢያንስም እንዲህ የሚያለያይ መጠን የላቸውም።

እህታችን እዚያው ሒሳቡን ሠራችልን። የአንዱ ቁራጭ ጎን በግማሽ ሲያንስ፣ ያንኑ አልጋ ለመሸፈን የሚያስፈልገው ቁራጭ ሁለት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። 100 የነበረው 400 ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል። እያንዳንዱ ማዕዘን ከጎረቤቱ ማዕዘን ጋር መግጠም አለበት። ሦስት ማዕዘን ሲሆን ጨርቁ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ይለጠጣል፤ ልክ አይዝም። ቀለበቱ ደግሞ ጎኑ ቅስት ነው፤ ቀጥታ በማሽን አይነዳም፤ አንድ በአንድ በመርፌ ተይዞ ነው የሚሰፋው።

«ሴትዮዋን መቼ ይጨርሳሉ ብዬ ስጠይቃቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ?» አለችን። «‹ማን አስቸኮለኝ?› አሉኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ዝም አልን። ሴትዮዋን ያስቸኮላቸው የለም። ጋሼን ያስቸኮልነው እኛ ነን።

የሄዱት ሁለት ሳምንታት

ታኅሣሥ 4 ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወርቃማው ክር አልቆ ኖሮ ገዝተን ይዘን ሄድን። ሳንደውል ነው የሄድነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከአምፖሉ ሥር መሸመኛው ላይ የተቀመጡት ጋሼ አልነበሩም። ልጃቸው ነው። 13 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነው። ደብተሩ ከጎኑ ተከፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ጥግ ላይ ተጋድመው ወገባቸውን ያሳርፋሉ።

ታናሿ «ማሙሽ፣ ፈተና የለህም እንዴ?» አለችው።

«አለኝ» አለ፤ ዓይኑን ከክሩ ላይ ሳያነሳ። እየቆጠረ ነበር።

ጋሼ ተነሱ። ቡና እናፍላ አሉ። እኛ የቆምንበት ቀረን። ወንድማችን «ጋሼ፣ በሌሊት ልጁን…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው። ጋሼ ረጋ ብለው፣ ሳይወቅሱን፣ እውነቱን ብቻ ነገሩን፦

«አራት ሳምንት ብላችኋል፣ ልጆቼ። እኔ ስድስት ነበር ያልኩት።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እነዚያ ያስቀነስናቸው ሁለት ሳምንታት የጠፉ መስሎን ነበር። ማኪያቶ ያከበርንባቸው ሁለት ሳምንታት። የትም አልጠፉም። ጥበቡ የሚፈልገውን ሰዓት ይፈልጋል፤ አልማዙ ክርክር አይሰማም። እኛ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ስንፍቃቸው የሄዱት ወደዚህ ልጅ ሌሊት ነው። የቀነስነው ዋጋ ደግሞ ጋሼ ረዳት ሊቀጥሩበት ይችሉት የነበረው ገንዘብ ነው።

ይህን ስንጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን ሙያ ያስተምራሉ ብለን ለመውቀስ አይደለም። ጋሼም ሙያውን የለመዱት ጨንቻ ላይ ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ነው። ጎን ተቀምጦ መልመድ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ቀጠሮ ለማድረስ ሌሊት መቀመጥ ሌላ ነው። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሰው ቤት ሲሸምኑ የሚውሉ ልጆች ጉዳይ ለብዙ ዓመታት የተነገረ ነው። እኛም ሰምተን «ያሳዝናል» ብለናል። ያሳዝናል ያልነው ግን ሌላ ሰው የሚያደርገው ነገር መስሎን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም የሚያንኳስሰውን ሰው የሚገስጽ። ዛሬ ማናችንም ጋሼን በሙያቸው አንሰድባቸውም። እንዲያውም «ባህላችን፣ ቅርሳችን» ብለን ፎቶ እንለጥፋለን። ከዚያ ግን ስድስት ሳምንት ሲሉን እንስቃለን። የሙያውን ሰው ቃል አለማመንስ ከስድቡ ምን ያህል ይርቃል?

የቱ ይቀነስ?

ስንወርድ ታክሲ ውስጥ ተጣላን። አንዳችን ጥበቡ የታተመበትን ዝግጁ ቀሚስ ገዝተን እንላክ አለ። ሌላዋ የቀረው ይቅር፣ የአገር ቤቱ ቀሚስ ለምን ይቅርባት አለች። ሦስተኛዋ ለእህታችን እንንገራት አለች። ደወልን። ነገርናት፤ ስለ ልጁም ነገርናት። ለትንሽ ጊዜ ድምፅ አልነበረም።

«ልጁ ይጥና» አለች። «ጥበቡን ቀለል አድርጉት። እኔ ስገባ ሰው የሚያየው ፊቴን ነው።» (ትንሽ ጉራዋን አትተውም።)

በማግስቱ ጋሼ ጋ ተመልሰን ያስቀነስነውን ሩብ ይዘን «ይሄ የእርስዎ ነው» አልናቸው። «አሁን እርስዎ ይንገሩን፤ እስከ ታኅሣሥ 15 እንዲደርስ፣ ማንም በሌሊት ሳይቀመጥ፣ ምን እንቀንስ?»

እዚህ ላይ እንደገና ሒሳባችን ተሸነፈ። እኛ በራሳችን ብንወስን እጅጌውን እንቀንስ እንል ነበር፤ ምክንያቱም እኛ የምንቆጥረው ቦታ ነው። ጋሼ የሚቆጥሩት ሰዓት ነው። «እጅጌው ጠባብ ነው፤ አይቆይም» አሉ። «ከቀረው ሥራ ላይ ወርቁ ይቅር። መስቀሉ ትንሹ አልማዝ ውስጥ መግባቱ ይቅር፤ መሃሉ በአንድ ቀለም ይሙላ። የነጠላው ሌላ ጫፍ ቀጥ ያለ ጥለት ይሁን። ስፋቱን አትንኩት።» አራቱ ቀለም ሁለት ሆነ፤ 48ቱ 24 ሆነ። መስቀሉ ሲወጣ ቁጥሩ በእጅ ቀለለ። የጥበቡ ስፋት ሳይነካ የቀረው ጊዜ በግማሽ አነሰ።

ይህ ለሰርግም ሆነ ለበዓል ቀሚስ ለምታሠሩ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ጊዜ ሲያጥራችሁ ጥበቡ ይጥበብ አትበሉ። ቀለሙ ይቀነስ፣ ቅርጹ ተለቅ ይበል፣ የሚያንሸራትተው ክር ይቅር በሉ። ከሁሉ በፊት ግን ከዋጋው አስቀድማችሁ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚነገራችሁንም ቁጥር እመኑት። ዋጋ ላይ መከራከር ካለባችሁ ተከራከሩ፤ ቀኑ ላይ ግን አትከራከሩ።

ታኅሣሥ 15 ቀን ቀሚሱ ወረደ። ልጁ ፈተናውን ተፈትኗል፤ «ሒሳብ ከበደኝ» አለን። እኛንም እንደከበደን ነገርነው። ጋሼ ጨርቁን ሲዘረጉልን የታችኛው ጥበብ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንዷን አልማዝ በጣታቸው አሳዩን። ጫፏ በአንድ ክር ወደ ቀኝ ሸፈፍ ብላለች። በሌሊት የተሠራች ናት። «ልፍታት፤ ሁለት ቀን ነው» አሉ። ተያየን። ትቆይ አልናቸው።

እህታችን በመልሱ ዕለት ለበሰችው። ፎቶው ላይ አልማዟ አትታይም። እኛ ግን የት እንዳለች እናውቃለን፤ ፎቶውን ባየን ቁጥር ዓይናችን ፊቷን አልፎ ወደዚያ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ለእማዬ ስንተርክላት እንዝርቷን ይዛ ዝም ብላ ሰማችን። ስንጨርስ «ለመሆኑ የአባታችሁን ጋቢ በስንት ቀን አለቀ ነው የምትሉት?» አለች።

«በስድስት ቀን» አልናት።

«እኔ እኮ ማጉን ከመስከረም እስከ የካቲት ፈትያለሁ» አለች። «እሱን የት ደመራችሁት?»

የትም አልደመርነውም።